የምሽት አንኳኪ

የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቱን የከተተ ሰው ሹክ ማለት አይችልም። ማሽኑ ጆሮው ላይ ስለሚያጓራ የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ምስጢሩን ሁሉ እንደ ሎተሪ አዟሪ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ፀጉር ሠሪዋ በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ካስክ ሥር የሰማችውን ብታወራ ኖሮ ሰፈሩ ውስጥ የሚተርፍ ትዳር ባልኖረ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት የሰማችው ግን የሌላ ሰው ጉድ ሳይሆን የራሷን ቤት ጉድ ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሚስት ፀጉሯን በቢጎዲን አስጠቅልላ፣ አጠገቧ ሌላው ካስክ ውስጥ ወደተቀመጠችው ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ «ዛሬ አመሻሽ ላይ ስብሰባ አለ። ሽማግሌውን ልጃቸው ወደ እህቱ ቤት ይውሰድልን ልንል ነው። ለምራታቸው እንዳትነግሪ፣ እዚሁ ነው የምትሠራው» አለች። የውበት ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ለምራታቸው መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ከኋላዋ ቆማ የሌላ ደንበኛ ፀጉር እያበጠረች ነበር።

ማበጠሪያው ለአፍታ ፀጉሩ መሀል ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። የሳሎኑ ባለቤት እትዬ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ፈልገው ሲያጡት ስለ ሻምፑ ዋጋ ማውራት ጀመሩ፤ ባለፈው ወር በገዙበት ዋጋ ዛሬ ግማሽ ጠርሙስ እንደማይገኝ፣ አከፋፋዩም ሰው ሳይሆን መዥገር እንደሆነ። ሰዉም አፍሮ ስለነበር ሻምፑን ከልቡ አማረረ። ፀጉር ሠሪዋ የሊቀመንበሩን ሚስት ከካስክ ለማውጣት ግን አልቸኮለችም። ማሽኑ ሰዓቱ ሲደርስ ጮኸ፤ እሷ አልሰማሁም አለች። ሴትየዋ በመጨረሻ ስትወጣ ጆሮዋ በርበሬ መስሎ ነበር። «ዛሬ ሙቀቱ በዛ መሰለኝ» ስትል፣ «ፀጉርሽ ብዙ ስለሆነ ነው እኮ፣ ታድለሽ» ብላ አሞገሰቻት። ለሕንፃው ሰው የምትቀንሰውን ቅናሽ የዚያን ቀን ረሳችው።

ሽማግሌው አማቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈርተኛው ዛሬም «ሹፌሩ» የሚላቸው ሰው። ባለፈው ክረምት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ተከራይ መጥበሻ ምድጃ ላይ ጥዶ እንቅልፍ ጣለው፤ እሳቱ ከአንድ ክፍል አልዘለለም፣ ጭሱ ግን ደረጃውን ሞላው። ከአምስቱ ፎቅ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ከተከራዩ ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ብቻ በጭሱ ታፍና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ምሽት ሲሆን ከታች ጀምረው እስከ ላይ በየበሩ እያንኳኩ «ምድጃው ጠፍቷል?» ይላሉ። በጡጫቸው ነው የሚያንኳኩት። መልስ ካልተሰጣቸው አይሄዱም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የለሁም ለማለት የሚሞክር ሰው በመጨረሻ በሩን ከፍቶ፣ «ጠፍቷል፣ ጠፍቷል፣ እባክዎን ይሂዱ» ይላቸዋል። «ደግ» ብለው ወደሚቀጥለው በር ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰው አዘነላቸው፤ ቀጥሎ ሳቀባቸው፤ አሁን ደግሞ ስብሰባ ጠራባቸው።

የውበት ሳሎኑ ከሕንፃው ሥር ስለሆነ ለምሳ ወደ ቤቷ ወጣች። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ መኝታና አንድ ሳሎን ነው፤ አማቷ የሚተኙት ሳሎኑ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ በተዘረጋ ጠባብ አልጋ ላይ ነው። አልጋውን ቀን ቀን በጥንቃቄ ስለሚያለብሱት እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ይመስለዋል። ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ምሳውን ቤት ይበላል። ሦስቱ በተቀቀለ ድንችና ዳቦ ዙሪያ ተቀመጡ። አባትና ልጅ ከእሳቱ ወዲህ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። አልተጣሉም፤ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ዝም ብለው ብቻ ሁሉን ነገር በእሷ በኩል ማሳለፍ ለመዱ። እሷም የስልክ ማዞሪያ ሆናለች።

«የመታጠቢያው ቧንቧ ይንጠባጠባል በይልኝ» አሉ አማቷ።

«ነገ አየዋለሁ በይልኝ» አለ ባሏ። ክርናቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

ጨው ፈልጎ ወደ ኩሽና ሲገባ ተከተለችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ማታ ስብሰባ አለ አሉ» አለችው። ባሏ ንፁህ ብርጭቆ አንስቶ ማጠብ ጀመረ። ያኔ ገባት።

«ታውቅ ነበር?»

«ሊቀመንበሩ ባለፈው ሳምንት ሱቅ ድረስ መጥቶ ነገረኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እህቴ ጋ ሰፊ ግቢ አለ አልኩት። አየሩም ንፁህ ነው።»

«ስለ አየር ማን ጠየቀህ?»

ብርጭቆውን ደጋግሞ አለቀለቀው። «ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ‘አባትህን ምን ነካቸው?’ ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?» አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ድንቹን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ሄደ። ጨውም ሳይወስድ።

ወደ ሳሎን ስትመለስ አማቷ ሳህናቸውን ጨርሰው፣ የልጃቸውን ትርፍ በሌላ ሳህን ከድነውለት ነበር። የዚያ ቤት ግድግዳ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልተሠራም። «የሴት ልጄ ግቢ ጥሩ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ደረጃ ግን የለውም።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ማየት ጀመሩ፤ አንዱ ሹፌር ማርሽ ሲቀይር ሲንቋቋበት፣ «ምን ያጣድፈዋል» አሉ ለራሳቸው።

ፀጉር ሠሪዋ በተፈጥሮዋ ተጣዪ ቢሏት የማታውቅበት ሰው ናት። ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች። የዚያን ዕለት ግን ሳህኖቹን እንደቆሸሹ ትታ ወደ ውበት ሳሎኑ ወረደችና እትዬን ከሰዓቱን እንዲፈቅዱላት ጠየቀቻቸው። ቀጠሮ የያዙ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እትዬ ማስረጃም ምክንያትም አልጠየቁም፤ ጠዋት እሳቸውም ሰምተዋል። «ፀጉር እንደሆነ ያድጋል፣ የትም አይሄድ። ሂጂ» አሏት።

ጎረቤቶቿን ለማናገር መጀመሪያ የሄደችው አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ጋ ነው። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ገና መንቃቷ ነው፤ ፀጉሯ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ፣ የቤት ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯ ላይ ግን በማሰሪያ የታሰረ የስፖርት ጫማ አድርጋ ከፈተችላት። ፀጉር ሠሪዋ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ነርሷ ሻይ እየቀዳች አዳመጠቻት።

«‘ምን ነካቸው’ ይላሉ አይደል?» አለች። «ጥያቄውስ ልክ ነበር፤ አጠያየቁ ነው የተበላሸው። ለመስደብ ነው የሚሉት። እስቲ ለማወቅ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አለ? ምን ነካዎት ብሎ፣ ቁጭ ብሎ?»

ፀጉር ሠሪዋ አሰበች። እሷም አልጠየቀቻቸውም ነበር።

«ደግሞ የነካው እሳቸውን ብቻ አይደለም» አለች ነርሷ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ እያሳየቻት። «ይኸው፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማዬን አውልቄ ተኝቼ አላውቅም። ሰው መርፌ እየወጋሁ፣ ‘አይዞሽ ይለቅሻል’ እያልኩ እውላለሁ፤ ቤቴ ገብቼ በጫማ እተኛለሁ። አንሶላዬን ብታይው መንገድ ይመስላል።» ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «ሁሉም ሰው በየቤቱ ደብቆ የያዘው ነገር አለ። ሂጂና በራቸውን አንኳኪ። ቀስ ብለሽ ግን።»

አምስተኛ ፎቅ የሚኖረው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ብቻውን ይኖራል፤ ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው ይልቅ የካርታ ጥቅልል ሰፊ ቦታ ይዟል፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ከብረቱ ጋር በሦስት ቋጠሮ የታሰረ ወፍራም ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓይኗ ገመዱ ላይ ሲያርፍ፣ «ልብስ ማስጫ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እስከ መሬት ይደርሳል፣ ለክቼዋለሁ» አለ። ስለ አማቷ ስትጠይቀው ወገቡን ይዞ ቆመ። በየምሽቱ ደብተር እያረመ ሳለ ያቋርጡታል፤ ከየትኛው ተማሪ ጋር እንደነበረ ይጠፋዋል፤ ሁለት ጊዜ ለማይገባው ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጥቷል። ታዲያ ይሂዱ ነው የሚለው? መምህሩ «ባለፈው ጉንፋን ይዟቸው ሳይወጡ የቀሩበትን ዕለት ታስታውሻለሽ?» አላት። «ጠበቅኩ። ሲያንኳኩ እበሳጫለሁ፤ ሳያንኳኩ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ራሴ ወርጄ በየበሩ ጆሮዬን ስለጥፍ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን አየኝና እስካሁን በሌላ ዓይን ነው የሚያየኝ።» ለስብሰባው ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችው። ስብሰባ አልወድም አለ። ከዚያ እመጣለሁ አለ።

የሊቀመንበሩ ሚስት በር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ደረጃው ላይ ብዙ ቆመች። የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር፤ እንዴት ሰው ጎረቤቱን ከጀርባው ያባርራል፣ እንዴት የሽማግሌ ነገር እንደ ቆሻሻ ስብሰባ ላይ ይወጣል የሚል። ሴትየዋ በሩን ስትከፍትላትና ጠዋት የተሠራላትን ውብ ፀጉርና ቀይ ጆሮዋን ስታይ ግን ቃሉ ሁሉ ጠፋት። በሩ ሥር ዚፑ የተዘጋ ሻንጣ አየች። «መንገድ ልትሄጂ ነው?» አለቻት።

ሴትየዋ ሻንጣውን አየችው፣ እሷን አየቻት፣ ደጁን ግራና ቀኝ ተመለከተችና አስገባቻት። ሳሎኑ ለሰርግ እንደተዘጋጀ ነው የሚጸዳው፤ ሶፋው ላይ ያለው ላስቲክ እስካሁን አልተነሳም። ላስቲኩ ላይ ተንሸራተው ላለመውደቅ ሁለቱም ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«ሰምተሻል ማለት ነው» አለች ሴትየዋ።

«ሳሎኑ በሙሉ ሰምቷል።»

ሴትየዋ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ክፉ ሰው እንዳትይኝ። ያን ዕለት በራችንን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ እኔ ዛሬ እዚህ የለሁም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን በዚያው እጃቸው ነው የሚያንኳኩት፣ በዚያው ጡጫ። በሩ በተመታ ቁጥር ጭሱ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ምድጃው ጠፍቷል፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ እኔ ግን ሻንጣ ይዤ ደረጃው ላይ ነኝ። ባሌ ይስቅብኛል። በየምሽቱ ሰውነቴ በላብ ይጠመቃል፤ ለሳሎን የማወጣው ብር እኮ ለዚህ ነው፣ ፀጉሬ አይቆይልኝም።» ፀጉሯን በእጇ ነካካች። «ማን እንደመጣ ባውቅ፣ መምጣታቸውን ቀድሜ ብሰማ፣ እንዲህ የምሆን አይመስለኝም። ድንገተኛነቱ ነው የሚገድለኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ለመናገር ያዘጋጀችው ሁሉ ከንቱ ሆነ። «ጆሮሽስ እንዴት ነው?» አለቻት።

«ይቆጠቁጠኛል።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሴትየዋ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ገባት፤ ከዚያ ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት። ላስቲኩ ከሥራቸው ተንቋቋ።

ስብሰባው የሚካሄደው ምድር ቤት፣ ብስክሌቶቹ በሚቆሙበት መግቢያ ነው። ሁሉም ወንበሩን ከየቤቱ ተሸክሞ ይመጣል፤ ያላመጣ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ሊቀመንበሩ ትልቅ ሆድና ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ነው። አጀንዳው የውሃ ታንከር ማጠቢያ፣ የቆሻሻ አንሺዎቹ ዋጋ መጨመር፣ የደረጃው አምፖል ለምን በየጊዜው እንደሚጠፋ ነበር፤ አምፖሉ ላይ ሰው ረጅም ሰዓት ተከራከረ፤ ሁሉም የሚቀጥለውን ርዕስ ስለሚያውቅ ከአምፖሉ መላቀቅ አልፈለገም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድ የማይመች ጉዳይ አለ» ሲል፣ ፀጉር ሠሪዋ ከሁለተኛ ፎቅ ወረደች። በአንድ እጇ ወንበር፣ በሌላው የአማቷን ክንድ ይዛለች። ሹፌሩ ተላጭተዋል፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ወንበራቸውን መሀል ላይ አስቀመጠችላቸው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እጅግ የማይመች ሆነ።

ሊቀመንበሩ አምፖሉን ቀና ብሎ አየ። የሚያድነው አላገኘም።

ነርሷ ናት ያዳነችው። ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋችና፣ ሌላ ሰው የሌለ ይመስል፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ምን ነካዎት?» አለቻቸው።

ሹፌሩ የሸሚዛቸውን አንገት ፈታ አደረጉ። «የልብስ ሰፊዋን በር ሁለቴ አንኳኳሁ» አሉ። «መልስ የለም። ወጥታለች ብዬ ወደ ላይ ሄድኩ፤ ላይ ብዙ ሰው ነበር። እሷ ግን ቤት ነበረች።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። «አሁን በር አንኳኩቼ መልስ ካጣሁ እግሬ እምቢ ይለኛል። በቃ ይኸው ነው። እንደማስቸግር አጥቼው አይደለም። ሴት ልጄ ጋ መሄድ እችላለሁ፤ ግን እዚያ ሆኜ እዚህ ምድጃ ጠፍቶ እንደሁ በምን አውቃለሁ?»

የልብስ ሰፊዋን ስም ያን ያህል ጊዜ ማንም አላነሳውም ነበር፤ አሁንም ያነሳው የለም፣ ግን ሁሉም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተዘጋውን በር ያሰበ ይመስል ቀና አለ። መምህሩ ከደረጃው ተነሥቶ ስለ ገመዱ ተናገረ፤ እስከ መሬት እንደሚደርስም። የሳቀ አልነበረም። አንዲት ሴት ከእሳቱ በኋላ ከመሸ አብስላ እንደማታውቅ፣ ልጆቿ ራታቸውን ቀዝቃዛ እንደሚበሉ ተናገረች። የሊቀመንበሩ ሚስት ተራዋን ጠብቃ፣ «እኔ ይሂዱ አላልኩም፤ ቀስ ይበሉ ነው ያልኩት» አለች፤ ባሏ አፉን ከፍቶ አያት፣ እሷ ግን አላየችውም። ከዚያ ስለ ሻንጣው ነገረቻቸው፤ ባሏ አፉን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ጫጫታ ሆነ፣ ደህናው ዓይነት ጫጫታ። አንዱ ደወል እናስገባ አለ፤ ደወል ይባስ ያስደነግጣል ተባለ። የሱቁ ሰውዬ በስልክ መልእክት ይላላኩ አለ፤ ሹፌሩ ያለ መነጽር ስልክ እንደማያነቡ፣ መነጽራቸውንም ያለ መነጽር እንደማያገኙ ተነገረው። ፀጉር ሠሪዋ እጇን የሥራ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ የቀረ ቢጎዲን አገኘች፤ ሮዝ፣ ሰፍነግ የሆነ። «ምድጃውን አጥፍቶ ያየ ሰው ይህን በበሩ እጀታ ላይ ይሰካ» አለች። «ቢጎዲን ያለበትን በር አባባ አያንኳኩም። የሌለበትን ደግሞ መጀመሪያ ደረጃው ላይ ሆነው ‘ሹፌሩ ነኝ’ ይበሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ያንኳኩ። ብቻቸውንም አይሂዱ፤ በየቀኑ አንድ ሰው አብሯቸው ይውጣ፣ መልስ ከጠፋ ሁለት ሆኖ መጠበቅ ይሻላል።» በእትዬ ሳሎን ውስጥ ያረጁ ቢጎዲኖች በከረጢት አሉ፤ ሕንፃውን ያዳርሳሉ። የሱቁ ሰውዬ ሞቼ ነው በሬ ላይ ቢጎዲን የምሰቅለው አለ። «እንግዲያው አንኳኳብሃለሁ» አሉት ሹፌሩ፣ በትሕትና። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን አስታወቀ፤ ድምፅ የሰጠ ሰው ግን አልነበረም።

«ዛሬስ ማን ይሂድ?» አለች ነርሷ።

የፀጉር ሠሪዋ ባል ከሥራ ሲመለስ መግቢያው ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ የመሣሪያ ሳጥኑን እንኳ መሬት አላስቀመጠም። ከየት ጀምሮ እንደሰማ ፀጉር ሠሪዋ አላወቀችም። «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

ሹፌሩ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ሲሠራ ነው የዋለው፤ ይደክመዋል በይልኝ።»

«አልደከመኝም አባዬ» አለ ልጃቸው።

እሷ ወደ ቤት ገብታ ራት አሞቀች። ድንቹን፣ የተረፈውን ዳቦ፣ ትንሽ ሾርባ። ጠረጴዛውን አዘጋጅታ ጠበቀች። አልመጡም። ሾርባው ስስ ቆዳ ሲሠራ በሩን ከፍታ ደረጃው ላይ አዳመጠች። ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ድምፃቸው ይመጣል። ቆመው አልነበረም፤ ተቀምጠዋል፤ የመሣሪያ ሳጥኑ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሰማችው።

«እኔም ደውዬልህ ነበር» ይላል ባሏ። «ስልኩ ይጠራል፣ አታነሳም። ከሱቅ እስከዚህ እየሮጥኩ ስደውል ነበር። ሲጠራ ሲጠራ ይቆማል። ሞተሃል ብዬ ነው የደረስኩት። ስደርስ አንተ አስፋልቱ ላይ ቆመህ ለሰው ውሃ ታድላለህ።»

ሹፌሩ፣ «ስልኩ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ኮቱን ለነርሷ ደርቤላት ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አልተቆጣኸኝም ያን ዕለት።»

«ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ሰው ሁሉ እያመሰገነህ ነበር፣ አፈርኩ። ከዚያ ጊዜው አለፈኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ሁለቱ ተነሥተው ይመጣሉ ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል የአማቷ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ ስለ ቧንቧው ነበር፤ ጎማው ሳይሆን ክሩ ነው የተበላው ይላሉ። ባሏ ጎማው ነው አለ። ክሩ ነው። ጎማው ነው፣ አይቼዋለሁ። መቼ አየኸው፣ ነገ አየዋለሁ አላልክም? እየተከራከሩ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ የእግራቸው ድምፅ ተሰማት፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቶሎ የሚሄደው ቀስ አለ። በሩን ገርበብ አድርጋ ትታ ሾርባውን መልሳ ጣደችው፤ እስኪመጡም ከምድጃው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።